ያልታጠበችው ቁራጭ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ውሃ ማሽተታቸውን ነው። ስጋ የሚያሸት ሰው አይቻለሁ፤ ወተት የሚያሸት፣ ቅቤ የሚያሸትም አይቻለሁ። ጋሽ አታክልቲ ግን በዚያ ዓርብ ማለዳ ከግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ ሊደፉት የተዘጋጁትን ቀላ ያለ ውሃ በመዳፋቸው ጨልፈው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥለው ከጎናቸው ያስቀመጧትን ትንሽ የጃም ጠርሙስ ከፍተው እሷን አሸተቱ፤ ከዚያ እንደገና ውሃውን። “ገና ነው” አሉ ለራሳቸው፣ ደፉትም።

የምንኖረው ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አምስት በር ባለው የኪራይ ግቢ ውስጥ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በጀሪካን የተጠራቀመ ውሃ እየደጋገመ የሚደፋ ሰው በእኛ ግቢ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

“ሦስተኛ ሳፋው ነው” አሉኝ አከራያችን በራቸውን ገርበብ አድርገው። “ምን ቢያጥብ ነው እንዲህ አልጠራ ያለው?”

ሳፋው ውስጥ ያለው የድኩላ የኋላ እግር ነበር። ይህን የነገረችኝ የጋሽ አታክልቲ ልጅ አርያም ናት። አርያም ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ እናቷ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለግንቦት መጨረሻ ሠርጓ ተቆርጧል። የምታገባው ዮአብን ነው። ድኩላውን የላኩት ደግሞ የዮአብ አባት፣ አቶ በድሉ፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነው፤ ከሠራተኞች ድርሻው የደረሰውን እግር በበረዶ ሳጥን አድርጎ ከቆላ አመጣላቸው። እሳቸውም ሐሙስ ዕለት በዮአብ እጅ ላኩት፤ “አባትሽ የአደን ስጋ አዋቂ ናቸው አሉ። እሁድ መጥተን እንቀምሳለን” ብለው።

“ግብዣ ነው የሚመስለው፣ አይደል?” አለችኝ አርያም። “አይደለም። ፈተና ነው። ማለቴ፣ አባቱ በቀጥታ ብለውታል፤ ‘ስሙ የተነሳ ሰው ቤት ልጄን አልሰጥም’ ብለውታል። እሁድ አንድ ነገር ከተባለ፣ በቃ፣ ሠርግ የለም።”

ስማቸው የተነሳው እንዲህ ነው። ጋሽ አታክልቲ ከትግራይ በልጅነታቸው መጥተው ሃያ ስድስት ዓመት በአደን ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆነው ኖሩ፤ ግማሹን በባሌ ተራራ፣ ግማሹን በደቡብ ቆላ። የውጭ አገር አዳኞች ቀንዱንና ቆዳውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ስጋው ይቀራል። እሱን ለሰው አፍ የሚስማማ ማድረግ የሳቸው ሥራ ነበር። ካረጁ በኋላ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገቡ። እዚያ አንድ ሌሊት ከፍሪጅ ሙሉ ሽንጥ ጠፋ። ቁልፉ ያለው ሦስት ሰው ጋ ነበር፤ አንዱ እሳቸው ናቸው። ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ መንገዱ ሊሰፋ ሆነና ሠራተኛው ተበተነ። ሆቴሉ ፈረሰ፤ ወሬው ግን ቆሞ ቀረ። አቶ በድሉ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ምሳቸውን ካዛንቺስ የበሉ ሰው ናቸው።

ጥርጣሬው ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ዮአብ ስጋው ያለበትን ማዳበሪያ ሲያወርድ ጋሽ አታክልቲ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር የቆሙት።

“ማን አረደው?”

“የአጎቴ ልጅ ነው፣ ጋሼ። ተመትቶ ሲወድቅ፣ ሳይሞት ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ባርኮ ነው ያረደው።”

“ቆመህ አይተሃል?”

“እኔማ እዚህ ነበርኩ።”

“እንግዲያው አታውቅም።” የፈቃዱን ወረቀት ተቀበሉ፣ ማህተሙን ወደ ብርሃን አድርገው አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ። ከዚያ ስጋውን፣ ታርዶ እንደሆነ፣ ደሙ ወጥቶ እንደሆነ በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መረመሩት። ሲረኩ ብቻ ነው ወደ ቤት ያስገቡት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጀሪካን ይዤ፣ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወደ ቧንቧው ወረድኩ።

“ውሃ ዛሬ እንደማይመጣ ታውቃለህ” አሉኝ ቀና ሳይሉ። “ልታይ ከሆነ ተቀመጥ፣ ወደይ።” ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ ደስ ሲላቸውም ሲከፋቸውም ይሉኛል።

ተቀመጥኩ። ያን ያህል ትዕግሥት በአንድ ቢላዋ ጫፍ ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም። ስጋውን የሸፈነውን ስስ ነጭ ቆዳ ከሥሩ እየገቡ እንደ ወረቀት ላጡት። ስቡን፣ የጥፍር ታህል ብትሆን እንኳ፣ ፈልገው አወጡ። ጅማቱን መዘዙ። ከጡንቻው መሃል ደግሞ ባቄላ የምታህል ግራጫ እጢ ፈልቅቀው በቢላዋው ጫፍ አሳዩኝ።

“ይህችን የማያወጣ ሰው አሥር ሎሚ ቢጨምቅ ከንቱ ነው። የዱር ሽታ ሥጋው ላይ አይደለም ያለው። እዚህ ነው፣ ስቡ ላይ ነው፣ ደሙ ላይ ነው። ጨው ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ ደሙን ይስባል። ውሃው መሽተት ሲያቆም ነገ አሬራ ውስጥ አሳድረዋለሁ።”

“በርበሬስ? በርበሬ ቢበዛበት አይጠፋም?”

ቢላዋውን አስቀመጡ። “በርበሬ ይደብቀዋል። እኔ አልደብቅም፤ አወጣለሁ። እሁድ በርበሬ አይነካውም፤ ጥብስ ነው የምሠራው። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት እንዲታይ።”

“ጠርሙሷስ?”

ጠርሙሷ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል፣ ያልተላጠች፣ ያልታጠበች፣ ስቧ ያልወጣ የድኩላ ቁራጭ ነበረች፤ ጨው ነስንሰውባታል። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ውሃ ንጹሕ ይመስለዋል አሉኝ። ስለዚህ ከየስጋው አንዲት ቁራጭ እንዳለች ያስቀራሉ፤ መጀመሪያ እሷን አሽትተው ነው ወደ ውሃው የሚመለሱት። አስጠጉልኝ። እርጥብ ቆዳ፣ የተረገጠ ቅጠል፣ ዝገት። ራሴን አዞረኝ። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ያለውን አስሸተቱኝ፤ ምንም። ፈጽሞ ምንም! አንድ እንስሳ ሙሉ ጫካውን ተሸክሞ መጥቶ በአራት ሳፋ ውሃ ጫካው ወደ ቱቦ ሲወርድ ማየት ነበር የቀረኝ።

የሚገርመኝ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያስፈራኛል። እንዲህ አድርጎ የአንድን ነገር ማንነት ማጥፋት የሚችል እጅ ሌላስ ምን ሊያጠፋ ይችላል? ሽንጡ ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ጋሽ አታክልቲ ጥቁር ፌስታል ይዘው ከቤት ወጡ። ከበድ ያለ ነው፤ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። የግቢውን በር ከመክፈታቸው በፊት ግራ ቀኝ አዩ። መጋረጃውን ለቀቅኩት። በቄራ አቅጣጫ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሌላ ጥቁር ፌስታል ይዘው ተመለሱ፤ ይኼኛው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለበት። በር ላይ ቆመው አሁንም ግራ ቀኝ አዩና ገቡ። አርያም ገበያ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ዮአብ የለስላሳ ሳጥን ይዞ መጣ። አብረን ስናወርድ አፌ አላርፍ አለኝ።

“ድኩላችሁ እኮ ጠዋት ቄራ ደርሳ ተመለሰች” አልኩት።

“ምን?”

“ፌስታል ይዘው ሄዱ፣ ፌስታል ይዘው መጡ። ሙድ እየያዝኩ ነው፣ ተወው።”

ዮአብ አልሳቀም። ሳጥኑን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። “የምርህን ነው?” አለኝ። የምሬን መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አቶ በድሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው እስከ ላይ የተቆለፈ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍሬሰላም ደግሞ ሲገቡ ቤቱን በሳቅ የሚሞሉ ሴት ናቸው። አርያም ወንድም ስለሌላት “አንተ ወንድሜ ሆነህ አስታጥብልኝ” ብላኝ ነበር፤ ስለዚህ ማስታጠቢያ ይዤ ዞርኩ። አቶ በድሉ ሲታጠቡ ዓይናቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር።

ጥብሱ መጣ። ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ የሚያበራ ወዝ። አቶ በድሉ ጸሎት አድርሰው መጀመሪያ ጎረሱ። አኘኩ። ማኘካቸው ረዘመ።

“ፍሬሰላም፣ ይኼ እንዴት ነው?”

“ኧረ ይጣፍጣል! እጅዎ ይባረክ፣ አቶ አታክልቲ።”

“መጣፈጡን አልጠየቅኩሽም። የምን ስጋ ነው?”

“አንተ ሰውዬ፣ ዶሮ ስሠራልህም እንቁላሉ የዚህችው ዶሮ ነው ወይ ትላለህ። ብላ!”

አልሳቁም። እንጀራውን አስቀመጡ። “እኔ ተወልጄ ያደግኩት ቡሬ ቆላ ነው። አባቴ ድኩላ ጥሎ ሲመጣ ሽታው ከሰውዬው ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። ሦስት ቀን ከጋቢው አይለቅም። አምሳ ዓመት ሆነው፣ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ይኼ…” ትሪውን በጣታቸው ጠቆሙ። “ይኼ በግ ነው።”

“ድኩላ ነው” አሉ ጋሽ አታክልቲ። “ሽታውን አውጥቼው ነው።”

“ሽታው ከወጣ ድኩላ መሆኑን በምን ላውቅ?”

“ሌላ ሰው ሽታው ወጣ ብሎ ያመሰግናል።”

“እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት ቄራ ምን ወሰደዎት?”

 አርያም ወደ አባቷ ዞረች፤ ዮአብ ወደ ጫማው ተመለከተ። እኔ የማስታጠቢያውን ውሃ ጉልበቴ ላይ አንጠባጠብኩ። ጋሽ አታክልቲ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩና አለፉ።

“አንድ ፌስታል ስጋ ይዘው ወጥተው ሌላ ፌስታል ይዘው ገብተዋል” አሉ አቶ በድሉ። “ውሸት ነው?”

“እውነት ነው።”

“አቦይ!” አለች አርያም፣ አባቷን በትግርኛ ጠርታ። በእንባና በቁጣ መሃል ያለች ድምፅ ነበረች።

ጋሽ አታክልቲ ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። የሚሸሹ መሰለኝ። ተመልሰው የወጡት በአንድ እጃቸው የጃም ጠርሙሷን፣ በሌላው ትንሽ መጥበሻና ተንቀሳቃሽ ምድጃ ይዘው ነው። ምድጃውን ወለሉ ላይ፣ በአቶ በድሉ እግር ሥር ሰኩት። ዘይት የለም፣ ሽንኩርት የለም። መጥበሻው ሲግል ያቺን ቁራጭ ጣሏት።

መጀመሪያ ጭሷ ወጣ፤ ከዚያ ሽታው። እንዴት አውራ ጣት የምታህል ነገር አንድ ቤት ትሞላለች? መጋረጃው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአርያም እናት ፎቶ ላይ ሁሉ ያረፈ መሰለኝ። ወይዘሮ ፍሬሰላም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

“ኡፍ! አምሳ ዓመት ስትናፍቅ የኖርከው ይኼን ነው? እኔን ምነው አልነገርከኝ፣ ካልሲህን ባላጠብኩልህ!”

አቶ በድሉ አልሰሙም። ከወንበራቸው ወርደው ከምድጃው ፊት ለፊት ቁጢጥ ብለው ነበር፤ ኮታቸው መሬት ይጠርጋል። ቁራጯን በጣታቸው አንስተው፣ እየፋጃቸው፣ ጎረሱ። ጉንጫቸው ውስጥ አስቀምጠው ቆዩ።

“ነው” አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለውጧል። እኔም ተነፈስኩ። እሳቸው ግን ቀና አሉ። “ይህች ቁራጭ ከኔ ድኩላ ናት። የቀረውስ?”

እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም። እንባው ዓይኑ ላይ እያለ የሚጠረጥር!

ጋሽ አታክልቲ ጎንበስ ብለው የምድጃውን ሶኬት ነቀሉ።  ትሪውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። መናገር ያቃተው ሌባ ዓይን ነው ወይስ ሌላ፣ እኔ አልለየሁም። “አቦይ፣ ተናገር” አለች አርያም በቀስታ። “ስለ እኔ ብለህ።”

“ላት ነው” አሉ።

“ምን?”

“የበግ ላት። ዱር የሮጠ ስጋ ስብ የለውም። ያለችውን ትንሿን ስብ ደግሞ ሽታው እሷ ላይ ስለሆነ አወጣታለሁ። ባዶውን ብጠብሰው ገመድ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የበግ ላት አቅልጬ ስጋውን በሱ አሻለሁ። ቅዳሜ ይዤ የወጣሁት የላጥኩትን ነው፤ ስቡን፣ ጅማቱን፣ ቆዳውን፣ አጥንቱን። ግቢ ውስጥ ብጥለው ውሻው ሰፈሩን ያነቃንቀዋል፤ ቄራ መንገድ ላይ ገንዳ አለ። ይዤ የገባሁት ላቱን ነው።” አርያምን በዓይናቸው ወጥ ቤት ላኳት። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፌስታል ይዛ መጣች፤ ውስጡ ግማሽ የተቆረጠ፣ ነጭ፣ የቀዘቀዘ ላት ነበር። “ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ካምፕ ውስጥ ያሉት አብሳዮች ምስጢሩን ሲፈልጉ ኖረዋል። እናቷም አታውቅም ነበር።”

አቶ በድሉ ላቱን ገልብጠው አዩ። ጋዜጣውን አዩ። የታተመበትን ቀን እንኳ ያነበቡ መሰለኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ።

“በግ አለበት ብያለሁ! ፍሬሰላም፣ ብያለሁ አላልኩም? አልተሳሳትኩም!”

“አልተሳሳትክም። ልጅህን ሙሽራ ልታሳጣው ነበር እንጂ አልተሳሳትክም።”

“የላቱን በግ ያረደው ማነው?”

“በድሉ!”

“እሺ፣ እሺ።” ወደ ትሪው ተመለሱ። እንጀራ ቆርሰው፣ ከመሃል ስጋ ጠቅልለው፣ ትልቅ ጉርሻ አድርገው ወደ ጋሽ አታክልቲ ዘረጉ። “ይጉረሱልኝ። ዘመድ ሆነናል። ለሠርጉ ለኔ ብቻ ካልታጠበ ድኩላ አንዲት ድስት ትሠራልኛለህ።” አንቱታው ወድቆ አንተ ሲሆን እርቅ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ዮአብ ሳቀ፤ አርያም ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

ጋሽ አታክልቲ ጎረሱ። አኝከው ዋጡ።  እንግዶቹ ስለ ሠርጉ ድንኳን ሲያወሩ እሳቸው መጥበሻውን በውሃና በአመድ ይፈትጉ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሳፋዎቹን እርስ በርስ ደራርበው፣ ትልቁን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው ከቤታቸው ወጡ። የአንድ ሰው ድግስ ለማብሰል ወደ ካዛንቺስ እየሄዱ ነበር። በሩ ላይ ደረስኩባቸው። ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት።

“ጋሽ አታክልቲ፣ ለዮአብ የነገርኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ቅዳሜ መጋረጃህ ሲነቃነቅ አይቻለሁ።”

“ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገሩም?”

“ምን ልበል? አንተ ማየትህን እንጂ መዋሸትህን አልሰማሁም።” ሳፋዎቹን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። “መጠየቅ ግን ትችል ነበር። ዓርብ ሁሉን ስትጠይቀኝ ውለህ የለ።”

 ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ የመጣው ግን ይቅርታ አልነበረም። እሳቸውም አይተውታል።

“ጠይቅ” አሉኝ።

“ሽንጡስ? የሆቴሉ?”

 የተቆጡ አይመስሉም፤ የተገረሙም አይመስሉም። ዓርብ ዕለት ውሃውን ሲያሸቱ እንደነበረው ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ።

“ለሱ የማሳይህ ቁራጭ አላስቀረሁም፣ ወደይ” አሉ።

መልስ እንዳልሆነ ገብቶኝ ሌላ ነገር ልጨምር ስል በሩን ከፍተው ወጡ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ሳፋዎቹ ጎናቸው ላይ እየተንኳኩ፣ ሳይቸኩሉ ሄዱ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ነፃ እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አንስተው ጣቶቻቸውን አሸተቱ፤ ከዚያ ታጠፉ።